ጭጋጉን በሰባት ዶላር ገዛሁት!

ስሙኝማ! ቁጭ ማለት አቅቶኝ ቆሜ ነው የምጽፈው። ጀበናው ገንፍሎ ምድጃውን አጨማልቆታል፤ ይገንፍል! ስልኬ ሦስት ጊዜ ጮኾ ዝም አለ፤ ይጩህ! ዛሬ ሳልነግራችሁ ከዋልኩ እፈነዳለሁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቅዳሜ እዚህ ሜሪላንድ ዝናቡ መላወሻ አሳጣን። እስኪያባራ ብዬ አንድ የአሮጌ መጻሕፍት መደብር ውስጥ ዘው አልኩ። የምፈልገው ነገር አልነበረም፤ ምንም! ዣንጥላ መርሳቴ ነው የከተተኝ። ዞር ዞር ስል፣ ከልብወለዱ መደርደሪያ ሥር፣ ማንም ጎንበስ ብሎ በማያየው ረድፍ ላይ፣ አንድ የደበዘዘ ወይን ጠጅ ጨርቅ የለበሰ መጽሐፍ ተወትፏል። አቧራውን እፍ አልኩት። ሄንሪ ጄምስ፣ «ዘ ጎልደን ቦል»፣ ሁለተኛው ጥራዝ፣ 1909። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ አሁን እሱን የማስላት ትዕግሥት የለኝም!) ኧረ እኔ ሄንሪ ጄምስን የት አውቄው! የአንዱ ዓረፍተ ነገር ርዝመት ከአዲስ አበባ ደሴ ያደርሳል ሲሉ ብቻ ሰምቻለሁ። እንዲያው እጄ አላርፍ ብሎ ገለጥኩት።

ወይ ጉድ!

ከርዕሱ ገጽ ፊት ለፊት አንድ ስስ ወረቀት አለ። ስስ ስላችሁ፣ የሽንኩርት ልጣጭ በሉት! በሁለት ጣቴ ይዤ፣ እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ፣ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ከሥሩ ጭጋግ! የለንደን ጭጋግ! ሰፊ ጎዳና፣ የደከመ ብርሃን፣ አንዲት የፈረስ ጋሪ ጀርባዋን ሰጥታን ወደ ጉሙ ስትገባ። የፈረሱ ኮቴ ከሩቅ፣ ታፍኖ፣ ተሰማኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እርጥብ ካፖርቴን እንደለበስኩ ወለሉ ላይ ዘጭ! እዚያው ቁጭ! ሻጩ የታመምኩ መስሎት ውኃ ላምጣልሽ አለኝ!

ዋጋው በእርሳስ ተጽፏል። ሰባት ዶላር። ሰባት! እዚህ አገር በሰባት ዶላር ምሳ እንኳን አይበላም!

እቤት ስደርስ ጫማዬን ሳላወልቅ የእማዬን አጉሊ መነጽር ፍለጋ ገባሁ፤ የመድኃኒት ወረቀት የምታነብበትን። እስቲ እናንተም ይህን ሞክሩት! አሁኑኑ፣ አጠገባችሁ ያለውን ጋዜጣ አንሡና ፎቶውን በማጉያ እዩት። የሰውየው ፊት ይበተናል! ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ! አፍንጫው የተደፋ ጤፍ ይሆንባችኋል። ይሄኛውስ? ምን ነጠብጣብ አለው! ባቀረብኩት ቁጥር ይለሰልሳል። ጥላው ውስጥ ሌላ ጥላ አለ፤ በዚያኛው ውስጥ ደግሞ ሌላ! እንደ ላመ ጥላሸት፣ አንድ ሰው በትንፋሹ ወረቀቱ ላይ የበተነው ይመስላል። እኔ በበኩሌ ጥቁር ቀለም አንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኧረ ስንት ዓይነት ጥቁር አለ መሰላችሁ! የቡና ጥቁር፣ የከሰል ጥቁር፣ ሌሊት ሊነጋ ሲል ያለው ጥቁር!

እማዬ ከኋላዬ መጥታ በትከሻዬ ላይ አየችው።

«ይሄ ጣርማ በር አይደል እንዴ?»

የደብረ ሲና ልጅ ናት፤ ጉም አታስተምሯትም! «ኧረ ለንደን ነው እማዬ» ብላት፣ «ታዲያ ለንደንም ጣርማ በር አላት ማለት ነዋ!» ብላ መነጽሩን ከእጄ ነጠቀችኝ። አየችው፣ አየችው። ጠርዙን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችና፣ «ይሄ ፎቶ አይደለም ልጄ፣ ጥቀርሻ ነው» አለች።

ልክ ናት እኮ! አበድኩላት! እዚህ ወረቀት ላይ ያለው ቀለም ነው፤ ጥሩ፣ ወፍራም፣ ከጥቀርሻ የሚሠራ የማተሚያ ቀለም! ጥበቡ ፎቶግራቩር ይባላል። እንዴት እንደሚሠራ ሳነብ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ! የተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ ይወሰዳል። የሙጫ ብናኝ እንደ ዱቄት ይነሰነስበትና ከሥር በእሳት ሲሞቅ ብናኙ መዳቡ ላይ ይጣበቃል። የፎቶው ምስል በጄላቲን ሆኖ በላዩ ይለጠፋል። ከዚያ መዳብ የሚበላ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል! ጄላቲኑ በሳሳበት ፈሳሹ ቶሎ ዘልቆ መዳቡን ጠለቅ አድርጎ ይቦረቡረዋል፤ እሱ ጥላ ይሆናል። በወፈረበት ሳይደርስበት ይቀራል፤ እሱ ብርሃን ይሆናል። ቀለም ይቀባል፣ ትርፉ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ከዚያ እርጥብ ወረቀት አልብሰው በማተሚያው ሲጫኑት ወረቀቱ ከየጉድጓዱ ቀለሙን መጥጦ ይወጣል! ለእያንዳንዱ ቅጂ እንደገና መቀባት፣ እንደገና መጥረግ! ቼኩ ካሬል ክሊች ነው ይህን መንገድ በ1879 ያሳመረው። ቀለም ስለሆነ ደግሞ የአያቶቻችን ፎቶ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ቢጫ ሲሆን፣ ይሄ ከመቶ ዓመት በኋላም ትናንት የታተመ ነው የሚመስለው። ጥቀርሻ እንዴት ይደበዝዛል!

እሺ፣ ፎቶውን ያነሳው ማነው? አልቪን ላንግደን ኮበርን! በ1882 ቦስተን የተወለደ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ። ጄምስ ደግሞ ያኔ ስድሳን ያለፈ አንቱ የተባለ ደራሲ። ሽማግሌው ድርሰቶቹን ሁሉ አርሞ ከ1907 እስከ 1909 በ24 ጥራዝ ሲያሳትም፣ በጽሑፉ መሀል ሠዓሊ ገብቶ እንዲፎካከረው ጨርሶ አልፈለገም። ልጁን ግን መረጠው! የትኛውን በር፣ የትኛውን ግቢ እንደሚያነሳ ዝርዝር ደብዳቤ ጽፎ ፓሪስ ላከው፣ ቬኒስ ላከው። ለንደን ሲሆን አላስቻለውም፤ ራሱ አብሮት ወጣ! ሁለቱ መንገድ ለመንገድ እየዞሩ ልብወለዱን የሚመስል ሱቅ፣ ልብወለዱን የሚመስል ጎዳና ሲፈልጉ ይታያችሁ! ርቧቸው ከዳቦ ቤት ጣፋጭ ዳቦ ገዝተው እየገመጡ ሄደዋል፤ ኮበርን ራሱ በሸመገለ ጊዜ ነው ይህን ያወጋው። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ጄምስን ወደድኩት። ዓረፍተ ነገሩ እስከ ደሴ ሳይሆን እስከ መቀሌ ይርዘም!

አሁን ገባችሁ? 24 ጥራዝ፣ በእያንዳንዱ መግቢያ ላይ አንድ የኮበርን ሥራ! ሙዚየም ግድግዳ ላይ ሰው በሩቁ የሚያየው የዚያ ዘመን ጥበብ፣ አሮጌ ልብወለድ ውስጥ ተሸጉጦ፣ ከምግብ ማብሰያ መጽሐፍ አጠገብ በካርቶን ተቀምጧል! ሻጩም አያውቅ፣ ገዢውም አያውቅ! እኔና እናንተ ግን አሁን አወቅን!

ከዚያ ወዲያማ ማን ያቁመኝ! ኮበርንን ተከትዬ ስሄድ ስቲግሊትዝን አገኘሁ። አልፍሬድ ስቲግሊትዝ፣ ኒውዮርክ፣ «ካሜራ ወርክ»! ከ1903 እስከ 1917 ያሳተመው መጽሔት ነው፤ 50 ቁጥር ወጥቶለታል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በአንድ ላይ። ሽፋኑ ዶፍ ሊወርድ ሲል ያለ ሰማይ የመሰለ ግራጫ፣ ፊደሉን የነደፈው ፎቶ አንሺው ስታይክን። ፎቶግራፍ ጥበብ አይደለም፣ የማሽን ሥራ ነው እየተባለ በሚፌዝበት ዘመን ይህ ሰው ግትር ብሎ መጽሔት አወጣ! የመጀመሪያውን ቁጥር ለማን ቢሰጥ ጥሩ ነው? ለሴት! ለፎቶ አንሺዋ ለጌርትሩድ ኬዘቢር! የሦስት ልጆች እናት ሆና፣ በ37 ዓመቷ ጥበብ ተማሪ ቤት የገባች ሴት! እልልልል! አንድ ጊዜ ደግሞ ብራስልስ ለኤግዚቢሽን የተላኩት ፎቶዎች ሳይደርሱ ቀሩ። ምን አደረጉ? ከመጽሔቱ የወጡትን ገጾች ሰቀሉ! አብዛኛው ተመልካች ዋናዎቹን ያየ መስሎት ተደንቆ ሄደ! የመጽሔት ገጽ እኮ ነው!

መጽሔቱን የት አይቼው ነው? ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ ዋሽንግተን! የአንባቢ ካርድ በነጻ ነው፤ በነጻ! ዕድሜያችሁ 16 ከሞላ መታወቂያ ይዛችሁ መሄድ ብቻ። ሰው ሁሉ ድምፁን አጥፍቶ በሚቀመጥበት ክፍል የጥቅምት 1911ዱን፣ ቁጥር 36ን፣ ፊቴ አስቀመጡልኝ። ትንፋሼን ይዤ ገለጥኩ። የስቲግሊትዝ «ዘ ስቲሬጅ»!

ይህን ፎቶ እንዴት ልንገራችሁ! መርከብ ነው። ላይና ታች ሁለት ወለል፣ መሀሉን ነጭ መተላለፊያ ድልድይ ሰንጥቆት ያልፋል። ላይ አንድ ክብ የገለባ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ቁልቁል ያያል። ታች ሕዝብ፣ ልጅ፣ የተሰጣ ልብስ። ከታች መሀል ላይ ደግሞ፣ ጀርባዋን ሰጥታን የቆመች፣ ባለ መስመር ነጭ ነገር የተከናነበች። ነጠላ! ባለ ጥለት ነጠላ! አይደለም፣ አውቃለሁ፣ የአውሮፓ ሴት ናት፤ ዓይኔ ግን ነጠላ አለ፣ ልቤ ነጠላ አለ! ስቲግሊትዝ በ1907 ወደ አውሮፓ ሲሄድ፣ እሱ ላይ ባለጸጎቹ ጋር፣ እነሱ ታች። እሱ ራሱ በኋላ እንደተረከው ካሜራው ክፍሉ ውስጥ ነበር። ሮጠ! ያ ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ ከቦታው ተነቃንቆ ይሆን እያለ ሮጦ ሄዶ፣ ሮጦ ተመለሰ! ሰውየው አልተነቃነቀም! ፎቶ ያልተነሳበት የቀረው አንድ የካሜራ ሰሌዳ ብቻ። አንድ! ቀጭ! እኔ ስልኬ ላይ የልጄን አንድ ልደት አራት መቶ ጊዜ አንስቼ አንዱም አላማረኝ!

ያ መጽሔት ሲጀምር በመቶዎች የሚቆጠሩ ደንበኞች ነበሩት። ሲዘጋ 40 እንኳን አልሞሉም! ይህን ሳነብ ጠረጴዛውን በጡጫ ልመታ ምንም አልቀረኝ፤ ክፍሉ ጸጥ ያለ ባይሆን ኖሮ! የት ነበራችሁ እናንተ ሰዎች! አሁን ዋናው ቅጂ በስንት እንደሚሸጥ አትጠይቁኝ፣ ግን አሳታሚው ታሸን በ1997 ሥዕሎቹን በሙሉ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ አሳትሟቸዋል፤ እሱ አሮጌው ይገኛል፣ ግዙት!

የፎቶ መጽሐፍ ከተነሳ አይቀር፣ ብሎስፌልድትን ሳልጠራ ብቀር ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም! ካርል ብሎስፌልድት፣ ጀርመናዊ የሥነ ጥበብ መምህር። አረም፣ ቅጠል፣ የዱባ ሐረግ እየለቀመ፣ ብዙ እጥፍ አጉልቶ ፎቶ ሲያነሳ ዕድሜውን ጨረሰ። በ1928 በርሊን ላይ 120 ሥዕል ያለው መጽሐፍ ወጣለትና ስሙ ገነነ። የእኔው ያለ ሽፋን፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ በኋላ የታተመ ቅጂ ነው፤ በዘጠኝ ዶላር! ስትገልጡት ያልተፈታ የፈርን ለጋ ተጠቅልሎ ቆሟል፣ አናቱ እንደ ጳጳስ በትር! ቀጥሎ የብረት አጥር የመሰለ ሐረግ! እማዬ ገጽ በገጽ እያማተበች ጨረሰችው።

እና ተነሱ! ቅዳሜ ነው ቀኑ! ሰፈራችሁ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አውጥቶ የሚሸጥበትን ቀን ጠይቁ። ሰው የሚጋፋበትን ጠረጴዛ ተዉት፤ ጠረጴዛው ሥር ካሉት ካርቶኖች ጀምሩ። ከ1890 እስከ 1915 የታተመ ነገር ስታገኙ፣ ምንም ይሁን፣ የጉዞ ይሁን የልብወለድ፣ መጀመሪያውን ገልጣችሁ ስሱን ወረቀት ፈልጉ። አጉሊ መነጽር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ነጠብጣብ ከሌለ፣ ጥላሸት ከሆነ፣ ያዙት! አሽትቱትም! ያረጀ ወረቀት፣ ትንሽ ጣፋጭ፣ ትንሽ እርጥብ እንጨት፣ የሴት አያቴ የልብስ ሳጥን ሲከፈት ይሸተኝ የነበረው ሽታ!

እኔ እስካሁን ከ24ቱ አምስቱን ለቅሜአለሁ። አንዱ ከጋራዥ ሽያጭ፣ ከተሰበረ ቶስተር ጋር በአንድ ሳጥን፤ ቶስተሩን እዚያው ትቼላቸው መጣሁ። ከነገ ወዲያ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሌላ ሽያጭ አለ፤ እማዬ ነጠላዋን አዘጋጅታ፣ ሻይ በፔርሙዝ ልሙላ ወይ እያለች ነው። እናንተም ኑ! ግን አደራ፣ ወይን ጠጅ ጨርቅ የለበሰውን ጥራዝ 12ን ካገኛችሁት፣ የቬኒሱን ግቢ የያዘውን፣ እሱን ለእኔ ተዉልኝ!