አርጩሜው የማን ቀልድ ነው?

ከሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ

የዛሬ ጥቂት ዓመት በእንቁጣጣሽ ሰሞን እዚሁ ሴንት ፖል ውስጥ በአንድ አዳራሽ የኮሜዲ ምሽት ተዘጋጅቶ ነበር። ቀልደኛው ገና መድረክ ላይ እንደወጣ «እስቲ በእናቱ ያልተገረፈ ሰው ካለ እጁን ያውጣ» አለ። እጁን ያወጣ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለአርባ ደቂቃ ያህል አዳራሹ በሳቅ ሲናጥ አመሸ። ቁንጥጫው መጣ፤ ኩርኩሙ መጣ፤ የበርበሬው ጭስ መጣ። የአባት ቀበቶ፣ የእናት ሸበጥ፣ «ሂድና አርጩሜ ቆርጠህ አምጣ» ተብሎ ቀጭኗን መርጦ ይዞ የመጣው ልጅ፣ እንግዳ ፊት በዓይን ብቻ የሚሰጠው «ቆይ ይሂዱልህ» የሚለው ማስጠንቀቂያ፣ ሁሉም በየተራው ቀረበ። እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። አጠገቤ የተቀመጠው፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጄም ሳቀ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ከሳቁ በኋላ መኪና ውስጥ የሆነው ነገር ነው። እሱን ከማውጋቴ በፊት ግን ስለ ቀልዱ አሠራር ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ። እኛ ተማርን ባዮች ስለ ልቦለድና ስለ ቅኔ ስንከራከር እናመሻለን፤ ወገናችን በየሳምንቱ ስለሚስቅበት ነገር ግን አንድ አንቀጽ እንኳ መጻፍ የሚያዋርደን ይመስለናል። (ከዚህ በታች ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ የእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።)

በውጭ አገር የምንሰማው የግርፊያ ቀልድ አባቱ ሐበሻ አይመስለኝም። ከሕንድ ወላጆች ካናዳ ውስጥ የተወለደው ራስል ፒተርስ በ2004 በካናዳ ቴሌቪዥን ያቀረበው ዝግጅት በኋላ በኢንተርኔት ዓለምን ዞሮታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ነጩ ጓደኛው ወላጆቹን ሲሰድብ ምንም ሳይሆን ይቀራል። ይኼኛውም ቤቱ ገብቶ ይሞክረዋል። አባቱ ሲነሳበት «ለሕፃናት ጥበቃ እደውላለሁ» ይላል። አባት ግን አይደነግጥም። ሰዎቹ እስኪደርሱ ሃያ ሦስት ደቂቃ እንደሚፈጅባቸው ያሰላና፣ በዚያች ሃያ ሦስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው በደንብ እንደሚጎዳ ይነግረዋል። ይህ ቀልድ ከዚያ ወዲህ በስንት ስደተኛ አፍ ሲደጋገም እንደሰማሁ እኔ ነኝ የማውቀው። የእኛው ቅጂ «911» ነው፤ ልጅ ስልክ ያነሳል፣ አባት «ደውል፣ ሻንጣህንም እያዘጋጀህ» ይላል።

ቀልዱ ለምን እንደሚሠራ ይገባኛል፤ አልንቀውም። አገሩ ላይ ሲናገር የሚደመጥ የነበረ ሰው እዚህ መጥቶ ሌሊት መኪና ማቆሚያ ይጠብቃል፤ ሐኪም ቤት ሲሄድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ያስተረጉምለታል፤ ከትምህርት ቤት የመጣ ደብዳቤ ልጁ ካላነበበለት አይገባውም። ለእንዲህ ያለው አባት ያቺ ሃያ ሦስት ደቂቃ መንግሥቱ ናት። አዳራሹ ሲስቅ ለተሻረው ንጉሥ ዘውዱን ለአፍታ ይመልስለታል።

ጥያቄዬ፣ ታዲያ ልጁ የት ሄደ? የሚል ነው። ተራኪው የተገረፈው ልጅ ሆኖ ሳለ ድምፁን አስመስሎ የሚጫወተው የገራፊዋን ነው። አሁን አሁን እዚህ የተወለዱት ወጣቶች በስልክ የሚሠሯቸውን አጫጭር ቪዲዮዎች ልብ ብለው ይመልከቱ። ልጁ ነጠላ ራሱ ላይ ጣል ያደርግና እናቱን ይሆናል፤ ነጠላውን ያወልቅና ራሱን ይሆናል። እናትየዋ ወገብ ይዛ ትቆጣለች፣ ሸበጧን ታወልቃለች፣ ሸበጡ ይወረወራል፣ በቃ፣ ቪዲዮው እዚያ ላይ ይቆረጣል። ሁልጊዜ እዚያችው ላይ ነው የሚቆረጠው፤ ሕመሙ ሊጀምር ሲል። ከዚያ በኋላ ያለውን ብናይ መሳቅ የምንችል አይመስለኝም። የቪዲዮው ሠሪም ይህን ያውቃል ማለት ነው።

እንዲህ መሆኑ ግን የግድ አይደለም። ሪቻርድ ፕራየር በ1979 በወጣው የመድረክ ፊልሙ አያቱ አርጩሜ ቆርጠህ አምጣ ብላ ስትልከው ያሳያል። ከእኛ ቀልድ ጋር ያለው ነገር አንድ ነው፤ አርጩሜው ሳይቀር አንድ ነው። ፕራየር ግን የሚጫወተው መንገዱን ነው፤ ልጁ በትሩን ይዞ ወደ ቤት ሲመለስ በትሩ ነፋሱን ሲሰነጥቅ ይሰማዋል፣ ገና ሳይመታ ያለቅሳል። እኛም እንስቃለን፣ እንዲያውም የበለጠ እንስቃለን፤ ዓይናችን ግን ከልጁ አይነቀልም። ለእኔ በጥሩ ቀልድና በመካከለኛ ቀልድ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። የጨዋነት ጉዳይ አይደለም፤ የሙያ ጉዳይ ነው።

በሚኒሶታ እየኖሩ ስለዚህ ጉዳይ ጽፎ አድሪያን ፒተርሰንን አለማንሳት አይቻልም። የቫይኪንግስ (በእጅ የሚጫወቱትን የአሜሪካ እግር ኳስ ማለቴ ነው) ኮከብ፣ በ2012 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የተባለ ሰው ነበር። በሴፕቴምበር 2014 የአራት ዓመት ልጁን ቴክሳስ ውስጥ ቅጠሉ በተመለመለ ቅርንጫፍ ገርፎ አቁስሏል ተብሎ ተከሰሰ። ጋዜጦቹ መሣሪያው ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሲደክሙ እኛ በአንድ ቃል ጨረስነው። ቡድኑ ለአንድ ጨዋታ አስቀመጠው፤ ሰኞ ዕለት መልሶ ጠራው፤ ራዲሰን ሆቴል የስፖንሰርነት ገንዘቡን ሲያግድና የግዛቱ ገዢ ማርክ ዴይተን ይታገድ ሲሉ ረቡዕ ዕለት እንደገና ከሜዳ አራቀው። በኖቬምበር ክሱ ቀለል ብሎለት 4,000 ዶላርና የ80 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ተፈረደበት። በ2015 ተመልሶ በ1,485 ያርድ የሊጉን ሯጮች ሁሉ መራ።

ከዚያ ሁሉ ትዝ የሚለኝ የአንዲት እሁድ የቴሌቪዥን ወሬ ነው። የቅርጫት ኳሱ ቻርልስ ባርክሊ፣ በደቡብ ያለ ጥቁር ወላጅ ሁሉ ልጁን ይገርፋል ብሎ ተከላከለ። የቀድሞው የቫይኪንግስ ተጫዋች ክሪስ ካርተር ደግሞ በዚያው ዕለት፣ ሰባት ልጆች ብቻዋን ያሳደገች እናቱን እያመሰገነ፣ በዚህ ነገር ግን እናቴ ተሳስታ ነበር አለ። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ነበር። በሐበሻ መድረክ ላይ ይህን ዓረፍተ ነገር እስካሁን አልሰማሁትም። እናት ትገርፋለች፣ ትረግማለች፣ ታስቀናለች፤ ተሳስታ ግን አታውቅም።

በዚያ ሰሞን ሪቨርሳይድ አካባቢ ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ «እንግዲህ ሁላችንም ልንታሰር ነው» ብሎ አሳቀን። ሕጉ ግን እኛ በየቡናው እንደምናወራው አይደለም። የሚኒሶታ ሕግ ወላጅ ልጁን ለማረም ምክንያታዊ ኃይል እንዲጠቀም ይፈቅዳል። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁን በእንጨት 36 ጊዜ የመታ አባት ጉዳይ ቀርቦለት፣ ሕመም ማድረስ ሁሉ በራሱ የአካል በደል አይባልም ብሏል። ሠላሳ ስድስት! በቡጢ መምታት፣ ማቃጠል፣ አቁስሎ መጉዳት ሌላ ነው፤ እሱን ሕጉ ለይቶ ያስቀምጠዋል። በአገራችንም በኩል የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ ያደርጋል፤ ስለ ቤት ግን ዝም ይላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 576 ተገቢ የሆነ ቅጣትን ከወንጀል ውጭ ያደርገዋል። ሁለቱ አገሮች ቀልዳችን እንደሚያራርቃቸው የተራራቁ አይደሉም። «እዚያ ይገርፉሃል፣ እዚህ ፖሊስ ይመጣል» የሚለው ተረት የእኛው ፈጠራ ነው፤ ችግሩ ልጆቻችን ተረት መሆኑን ሳያውቁ ማደጋቸው ነው።

ወደ መኪናው ልመለስ። ከአዳራሹ ወጥተን በ94 አውራ ጎዳና ወደ ሚኒያፖሊስ እየነዳሁ፣ ሚሲሲፒን ሳንሻገር ልጄ «አባዬ፣ የእኛ የ911 ነገር ትዝ ይልሃል?» አለኝ። እንዴት አይለኝ! ከአሥር ዓመት በላይ በየግብዣው ሳወራው ነው የኖርኩት። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ነው፤ ምን እንዳጠፋ እንኳ አሁን አላስታውስም፤ በቀበቶ ሁለት ጊዜ አሳረፍኩበት። ሄዶ ስልኩን አነሳ። እኔም «ደውል፤ የሚሰጡህ አዲሱ አባትህ ግን እንጀራ እንደማያበላህ እወቅ» አልኩት። ትንሽ አሰበና ስልኩን ዘጋው። እንግዶቹ እንጀራው ላይ ስንደርስ ነው የሚፈርሱት።

ልጄ በዚያ እንግሊዝኛ በተቀላቀለበት አማርኛው፣ ረጋ ብሎ የራሱን ነገረኝ። ዘጠኝን ነክቶ ነበር። አንድን ነክቶ ነበር። ሦስተኛውን ቁጥር ሲቀረው የቆመው በእንጀራ ምክንያት አልነበረም። በዚያ ጊዜ የእኔ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ገና አላለቀም ነበር፤ ማታ ማታ ከእናቱ ጋር የምንንሾካሾከውን ይሰማ ኖሯል። ፖሊስ ከመጣ አባቴን ወደ ኢትዮጵያ ይመልሱብኛል ብሎ ነው። «ቀበቶው ብዙም አላመመኝም» አለኝ፤ «ዘጠኝና አንድን ስለነካሁ ግን ለብዙ ቀን ፖሊስ እስኪመጣ ስጠብቅ ነበር።»

ምን እላለሁ? መሪዬን ይዤ ዝም አልኩ። ሁለቱም ታሪኮች የተፈጸሙ ናቸው፤ የእኔው ግን ሳቅ ስላለበት ብቻ የእሱን አፍ ይዞ ኖሯል።

የልጁ ታሪክ የት ይገኛል ብዬ መጻሕፍቱን ሳገላብጥ ሰነበትኩ። ልቦለዶቻችን በወላጅ ሥልጣን ላይ ቀልደው አያውቁም ማለት ይቻላል። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) የበዛብህ ወላጆች በስለት ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጡት፣ የሰብለ ወንጌል አባት በኩራቱ ልጁን ያለ ባል ሲያስቀር፣ ልጆቹ የሌላ ሰው ቃል ማስፈጸሚያ ይሆናሉ፤ ለዚያ ደግሞ አርጩሜ አላስፈለገም። መዓዛ መንግሥቴ በ2019 ባሳተመችው ልቦለድ ወላጅ አልባዋን ሂሩትን የምትገርፋት አስቴር የቤቱ እመቤት ናት፤ ደራሲዋ ግርፋቱን ሳታሳጥር ታቆየናለች።

ለእኔ ቤት የሚቀርበው ግን የፒዮሪያ ልጅ የዲናው መንግሥቱ ሥራ ነው፤ በ2010 ያወጣው ሁለተኛው ልቦለዱ። እዚያ የሚመታው በዋነኛነት ሚስትን ነው። ዮናስ የሚባለው ልጃቸው አድጎ፣ ወላጆቹ እሱ ሳይወለድ ከኢሊኖይ ወደ ናሽቪል ያደረጉትን ጉዞ እንደገና ይጓዘዋል፤ የማያውቀውን ደግሞ ከራሱ ይፈጥራል። መደንዘዝን በዚያ ቤት ሳለ እንደ መከላከያ ስልት የተማረው ይመስለዋል። አንዳንድ ሐያስያን የዮናስ ውሸት በዛ ሲሉ አንብቤያለሁ። እኔ ግን ከመኪናው ወሬ በኋላ እንደገና ሳነበው ውሸቱ ሌላ መሰለኝ። ሰውዬው የአባቱን ታሪክ ሊሸከመው በሚችለው መልክ እየጠገነ ነው፤ የተመታ ልጅ መቺውን ሲንከባከብ ይኖራል።

ትሬቨር ኖዋ በ2016 መጽሐፉ ሁለቱንም ሊይዝ ሞክሯል፤ የእናቱን ዱላ በሳቅ፣ እናቱን በ2009 የተኮሰባትን የእንጀራ አባቱን ቁጣ ያለ ሳቅ። የእናቱ ዱላ ከፍቅር፣ የእንጀራ አባቱ ከንዴት ነው ይለናል። ግሩም መጽሐፍ ነው፤ ይህ ድንበር ግን ለእኔ ትንሽ ጠርቶ ተሰምሮብኛል። እኔ ያን ቀን ቀበቶዬን ስፈታ ከየትኛው ወገን እንደነበርኩ ዛሬም አላውቅም።

ባለፈው ፋሲካ ቤታችን እንግዶች ነበሩ። ዶሮው ተበልቶ ቡናው ሲቀርብ አንዱ ወዳጄ «እስቲ ያቺን የ911 ጨዋታ አጫውተን» አለኝ። ረስቼዋለሁ አልኩ። ልጄ ከኩሽና በር ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሮ «እኔ ላውራው» አለና መጥቶ ተቀመጠ። ባለቤቴ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች። እሱ ግን ስልኩን ማንሳቱን አወራ፣ የእኔን ድምፅ አስመስሎ እንጀራው ላይ ደረሰ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የእኔን ነበር ያወራው፤ አንድ ቃል ሳያጎድል። ሁለቱን ቁጥሮች ዘለላቸው።