ዘቡና እስረኛው፦ የአንድ ተከታታይ ድራማ ምስጢር

ሰማይ ያጉረመርማል። አንድ ሰው ጣራ የሌላትን አነስተኛ መኪና በጥድፊያ እየነዳ ለንደን ይገባል፤ ረጅሙን መተላለፊያ በቁጣ አቋርጦ ከአንድ ባለሥልጣን ፊት ይቆማል፤ ጠረጴዛውን በቡጢ መትቶ የስንብት ደብዳቤውን ጥሎ ይወጣል። ቤቱ ገብቶ ጓዙን ሲሸክፍ በበሩ የቁልፍ ቀዳዳ ጢስ ይለቀቅበትና ራሱን ይስታል። ሲነቃ የተኛበት ክፍል ያው የራሱ ክፍል ነው። የመስኮቱን መጋረጃ ገለጥ ሲያደርግ ግን የሚያየው ለንደንን አይደለም።

«እስረኛው» የተባለው የእንግሊዝ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ በአብዛኞቹ ክፍሎቹ መግቢያ ላይ ይህንኑ ትዕይንት ይደጋግማል። ድራማው በብሪታንያ የታየው እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1967 እስከ ፌብሩዋሪ 1968 ሲሆን ክፍሎቹ 17 ብቻ ናቸው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ፓትሪክ ማክጉሃን የሥራው ዋና ኃላፊም ነበር፤ ከክፍሎቹ አንዳንዶቹን ራሱ ጽፏል፣ ራሱ አዘጋጅቷል። እንዲህ ያለ አጭር ዕድሜ የነበረው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1977 አድናቂዎቹ ማኅበር እስከ ማቋቋም የደረሱለት፣ ትርጓሜውም እስከ ዛሬ የሚያከራክረው በምን ምክንያት ነው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ምስጢራዊ ስለሆነ» የሚል ነው። ምስጢርማ ማንኛውም ተራ የወንጀል ድራማ አለው፤ ገዳዩ ሲታወቅ ምስጢሩም ተመልካቹም ይሰናበታሉ። የ«እስረኛው» ምስጢር የሚከብደው ዞሮ ጠያቂውን ስለሚጠይቅ ነው።

ሰውየው የነቃበት ቦታ «መንደሩ» ከመባል በቀር ስም የለውም። ነዋሪዎቹም በቁጥር እንጂ በስም አይጠሩም፤ እሱም ቁጥር 6 ተብሏል። እስር ቤት አይመስልም። ቤቶቹ በደማቅ ቀለም ተውበዋል፤ የሙዚቃ ጓድ በአደባባዩ ይጫወታል፤ ሰዎች ዥንጉርጉር ጃንጥላ ይዘው ይንሸራሸራሉ፤ ሲለያዩም በፈገግታ «እንተያያለን» ይባባላሉ። ይህች ቃል በእንግሊዝኛው ተራ የስንብት ቃል ናት። በየቤቱ የተሰወረ ካሜራ ባለበት መንደር ስትነገር ግን ሌላ ፍች ታገኛለች፤ «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» የሚለውን ተረት የሚያውቅ ሰው ፍቿን ለመረዳት አይቸገርም። ሊያመልጥ የሞከረውን የሚይዘው ደግሞ ግዙፍ ነጭ ፊኛ ነው፤ ከባሕር ይወጣል፣ እያገሳ ይንከባለላል፣ ፊት ላይ ተለጥፎ ትንፋሽ ያሳጣል። መጀመሪያ የታሰበው የሞተር ተሽከርካሪ ነበር፤ ያ አልሠራ ሲል የአየር ጠባይ መመርመሪያ ፊኛ ተተካ። ለድራማው ትልቅ ዕድል ነበር። ተሽከርካሪ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ያረጀ ዕቃ መስሎ በታየ ነበር፤ ፊኛ ግን የልጅ መጫወቻ ነው፣ የሚያስፈራውም ስለዚሁ ነው።

ይህ መቼት ለድራማው ተብሎ የተሠራ አይደለም። የውጭ ትዕይንቶቹ የተቀረጹት በሰሜን ዌልስ፣ አርክቴክቱ ክላፍ ዊልያምስ-ኤሊስ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በጣሊያን ከተሞች አምሳል ባሠራት ፖርትሜሪዮን በተባለች የመዝናኛ መንደር ነው። የመጨረሻው ክፍል እስኪታይ ድረስ የቦታው ስም ለተመልካች አልተገለጸም ነበር።

መንደሩን የሚገዛው «ቁጥር 2» የሚባል ሹም ነው። ሹሙ በየክፍሉ ይለዋወጣል፤ አንዴ ሽማግሌ፣ አንዴ ወጣት፣ አንዴም ሴት ነው። የሚፈልገው ግን አንድ ነገር ነው፦ ሥራህን ለምን ለቀቅህ? እስረኛው በበኩሉ ቁጥር 1 ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ድራማው የቆመው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ሆኖ ሳለ፣ ተመልካቹ በሁለተኛው ሲጠመድ የመጀመሪያውን ችላ አለው።

በመግቢያው ላይ ቁጥር 1 ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ሹሙ የሚመልሰው በእንግሊዝኛ አራት ቃላት ብቻ ነው። ሳይቋረጥ ከተሰማ «አንተ ቁጥር 6 ነህ» ማለት ነው፤ ጥያቄውን አልፎ ጠያቂውን ቦታውን ማሳየት። ከሁለተኛው ቃል ቀጥሎ ትንፋሽ ከተወሰደ ግን «እሱማ አንተው ነህ፣ ቁጥር 6 ሆይ» ይሆናል። በአማርኛ ግሥ ከመጨረሻ ስለሚያርፍ ይህ ኅብር ይፈርሳል፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር አድርጎ ከመጻፍ በቀር መንገድ የለም። ለቅኔ ጆሮ ያለው ሰው ግን ነገሩን አይስተውም፤ ወርቁ የተቀበረው በትንፋሽ ማረፊያው ላይ ነው። በዚህ መንገድ ለሰማው ሰው የመጨረሻው ክፍል መልስ በየሳምንቱ ሲነገረው ኖሯል ማለት ነው።

ድራማውን የግለሰብ ነጻነት መዝሙር አድርገው የሚተረጉሙት ሐያስያን ጥቂት አይደሉም። በአንድ ወገን ብቸኛው ጀግና፣ በሌላው ወገን ስም የሚነጥቅ ሥርዓት። ለዚህ ንባብ ማስረጃ አይጠፋም፤ እስረኛው ራሱ ቁጥር አለመሆኑን፣ ነጻ ሰው መሆኑን በየመግቢያው ይጮኻል። የሚዘነጋው ነገር ለዚህ ጩኸት የሚሰጠው ምላሽ የሹሙ ሳቅ መሆኑ ነው። ማክጉሃን እ.ኤ.አ. በ1959 በለንደን መድረክ የኢብሰንን «ብራንድ» ተጫውቶ እንደ ነበረ ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ብራንድ ከአቋሙ ዝንፍ የማይል ቄስ ነው። አለመንበርከኩ ያስከብረዋል፤ ያው አለመንበርከክ ልጁንም ሚስቱንም ያስቀብረዋል። ኢብሰን ጀግናውን እያደነቀ ይከሰዋል፤ «እስረኛው»ም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ክሱ ከሁሉ ጠርቶ የሚሰማው ጄራልድ ኬልሲ በጻፈው «ቼክሜት» በተባለው ክፍል ነው። በመንደሩ ሜዳ ላይ ሰዎች ጠጠር ሆነው የሚቆሙበት የሰንጠረዥ (የቼዝ) ጨዋታ ይካሄዳል፤ ቁጥር 6ም ከወታደሮቹ አንዱ ሆኖ ይሰለፋል። የሁለቱ ወገን ሰዎች በመልክ አይለዩም። ጥቁሩ ከነጩ በምን እንደሚታወቅ ሲጠይቅ አንድ አዛውንት ተጫዋች በጠባያቸውና በአካሄዳቸው መሆኑን ይነግረዋል። ቁጥር 6 ከዚህች መልስ ተነሥቶ ትልቅ ዕቅድ ይጎነጉናል። በመንደሩ ዘቡና እስረኛው አንድ ዓይነት ልብስ ስለሚለብሱ ከማን ጋር መዶለት እንደሚቻል አይታወቅም ነበር፤ አሁን ግን መለያ አገኘ። ያገኘውን ሰው በትእዛዝ ድምፅ ያናግራል፤ የተሽቆጠቆጠለት እስረኛ ነው፣ ቀና ብሎ ያፈጠጠበት ዘብ ነው። በዚህ ሚዛን እየለየ አባሪዎችን ይሰበስባል። ከእነሱም አንዱ በጨዋታው ላይ ግንብ የሚባለውን ጠጠር ሆኖ ቆሞ ሳለ ሳይታዘዝ በራሱ ፈቃድ በመንቀሳቀሱ ወደ ሐኪም ቤት ተወስዶ «የታረመ» ሰው ነው። ሬዲዮ ይሠራሉ፤ በባሕር ላይ መርከብ ይጣራሉ፤ ሹሙን ሳይቀር ይይዛሉ። ነገሩ ሁሉ ተሳካ ሲባል ዕቅዱ ይፈርሳል። የፈረሰውም ከመካከላቸው ሰላይ ኖሮ አይደለም። ሰዎቹ መሪያቸውን በገዛ ሚዛኑ መዘኑት፤ አነጋገሩን የአዛዥ፣ አቋሙን የማይፈራ ሰው ሆኖ አገኙት፤ ስለዚህ ይህ ዘብ ነው፣ ሊፈትነን ነው አሉና ሹሙን በእጃቸው ለቀቁት።

በሃምሳ ደቂቃ ውስጥ ይህን ያህል የተሟላ የተውኔት አወቃቀር በቴሌቪዥን ማግኘት ብርቅ ነው። ጀግናውን የሚጥለው ያስከበረው ጠባይ ራሱ ነው። ነጻ ሰው መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ነጻነቱ ለሌላው እስረኛ የሚታየው ሥልጣን ሆኖ ነው። ማክጉሃን በጻፈው ሌላ ክፍል እስረኛው ለሹመት ተወዳድሮ ያሸንፋል፤ በድምፅ ማጉያም ነጻ ናችሁ ብሎ ያውጃል። ማንም ዘወር ብሎ አያየውም። ይህን ትዕይንት የሕዝቡን ድንዛዜ ብቻ የሚያሳይ አድርጎ ማየት ቀላል ነው፤ በሹም ማጉያ፣ በሹም ድምፅ የታወጀ ነጻነት ከትናንቱ ትእዛዝ በምን ሊለይ እንደሚችል ግን ጠያቂ ያስፈልገዋል።

ወደ መጨረሻው ክፍል፣ ወደ «ፎል አውት» ሲደረስ ጭምብል ያጠለቀ ሸንጎ እስረኛውን ያወድሰዋል፤ ዙፋን ይሰጠዋል፤ ንግግር እንዲያደርግም ይጋብዘዋል። «እኔ» ብሎ ገና ከመጀመሩ ሸንጎው ጠረጴዛ እየደበደበ ያንኑ ድምፅ ያስተጋባል። እንግሊዝኛ «እኔ» የሚለውንና በጉባኤ ድጋፍ የሚገለጽበትን ቃል በአንድ ድምፅ ስለሚጠራቸው፣ ሙገሳውና አፈናው አንድ ይሆናሉ። ደጋግሞ ይሞክራል፤ ከ«እኔ» ግን ማለፍ አይችልም። ከክፍሉ ሁሉ ከፍ ያለው ትዕይንት ይህ ነው። ቀጥሎ ቁጥር 1ን ያገኘዋል። ጭምብሉን ሲገፍፈው የዝንጀሮ ፊት፣ እሱንም ሲገፍፈው እያሽካካ የሚሮጥ የራሱ ፊት። በጊዜው የነበረው ተመልካች እንደ ተታለለ ቆጥሮ ተቆጣ፤ ማክጉሃንም መሸሸግ አስፈልጎት እንደ ነበረ በኋላ ተናግሯል።

ቁጣው ከፊል እውነት አለው። መልሱ ትክክል ነው፤ አቀራረቡ ግን የመልሱን ክብደት አይሸከምም። መትረየስ ከቢትልስ የፍቅር ዘፈን ጋር ይንጣጣል፣ ሮኬት ይተኮሳል፤ «ቼክሜት» በዝግታ የተናገረው ነገር እዚህ በሁካታ ይደገማል። ሌላም ጉድለት አለ። ከ17ቱ ክፍሎች ጥቂቶቹ መሙያ መሆናቸው ያስታውቃል፤ ማክጉሃን ለሌላ ፊልም ሥራ በሄደበት ጊዜ በሌላ ተዋናይ አካል የተሠራው ክፍል ለዚህ ምስክር ነው። ሴቶቹ ገጸ ባሕርያት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማጥመጃ ናቸው፤ ስለ መታመን ይህን ያህል ለሚጨነቅ ድራማ ይህ ትንሽ ድክመት አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄስ? ሰውየው ሥራውን ለምን ለቀቀ? 17ቱም ክፍሎች አልቀው መልሱ በግልጽ አይነገርም። ይህን የደራሲ ስንፍና አድርገው የቆጠሩ አሉ። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ለተመልካች ቢነገር ኖሮ ተመልካቹ ከመርማሪው ጎን በተቀመጠ ነበር፤ ምክንያቱን የሰጠ ሰው የመጠየቅ መብትንም አብሮ ይሰጣልና። እ.ኤ.አ. በ2009 በ6 ክፍሎች እንደገና የተሠራው «እስረኛው» ለመንደሩ ምንነት ማብራሪያ አበጀለት፤ መንደሩ ሲብራራ ፍርሃቱም አብሮ ተነነ። የቀደመው ሥራ ዝምታ ታስቦበት የተጠበቀ ዝምታ ነው።

በመዝጊያው ትዕይንት የሌሎቹ ተዋንያን ስም በየምስላቸው ላይ በተራ ሲጻፍ፣ ለማክጉሃን የሚጻፈው ግን «እስረኛ» የሚል ቃል ብቻ ነው። መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል። አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሹሞቹን ሲያገለግል የኖረው አጭሩ አሽከር ለንደን ወዳለው የእስረኛው ቤት ደረጃ ይወጣል። በሩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር 1 ነው። አሽከሩ እጁን ሳይዘረጋ፣ በሩ እንደ መንደሩ በሮች በራሱ ይከፈትለታል።