ሥልጣንና ልጅነት በንጉሥ ሊር ቴአትር

የእንግሊዙ ባለ ቅኔ ዊልያም ሼክስፒር የደረሰው የንጉሥ ሊር ቴአትር፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1606 በንጉሥ ጄምስ ፊት ከታየ ወዲህ፥ ብዙ አንባቢ ውለታ ቢስ ልጆችን የሚገሥጽ ድርሰት አድርጎ ይቀበለዋል። ይህ አተረጓጐም ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ጐደሎ ነው። ድርሰቱ አስቀድሞ የሚመረምረው ሥልጣን ከአባት እጅ ወደ ልጅ እጅ የሚያልፍበትን መንገድ ነው።

ዕድሜው ከሰማንያ ያለፈው ሊር የንግሥናን ስምና መቶ ፈረሰኞች ለራሱ አስቀርቶ ግዛቱን ለሁለቱ ልጆቹ አካፈለ። መቶው ወደ ኀምሳ፥ ኀምሳው ወደ ሃያ አምስት ወረደ፤ በመጨረሻም አንድ ስንኳ አያሻውም ተባለ። ግፉ በአንድ ቀን አልመጣም፤ በቍጥር እየተቀነሰ መጣ እንጂ።

ለዛሬ ዘመን ይልቁን የሚቀርበው ግን የግሎስተር ታሪክ ነው። ኤድመንድ በወንድሙ እጅ የተጻፈ የሚመስል ሐሰተኛ ደብዳቤ ለአባቱ ያሳያል፤ አባት ሲያረጅ ልጅ ገቢውን ሊያስተዳድርለት ይገባል የሚል አሳብም የወንድሙ ነው ብሎ ይከሳል። ከሳሹ ራሱ በኋላ የአባቱን ማዕርግ ወሰደ። ሽማግሌው ደብዳቤውን ለማንበብ ቸኰለ፤ ያመጣውን ሰው ግን አልመረመረም።

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለችው ለሮቢት ይህ የሩቅ አገር ተረት አይደለም። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፤ የመጠቀም መብቱ ግን ይከራያል፥ በስጦታም ያልፋል። ስለዚህ የማሽላ ማሳውን ማረስ ያቃተው የራያ ቆላ አባት ለልጁ ወይም ለወንድሙ ልጅ ውክልና ቢሰጥ፥ የኪራዩ ገንዘብ የት እንደ ገባ የሚያውቀው ወረቀቱን የያዘው ብቻ ሊሆን ይችላል።

መጽሐፈ ሲራክ ሰው በሕይወቱ ሳለ ለልጅም ለሚስትም ለወንድምም በራሱ ላይ ሥልጣን እንዳይሰጥ ይመክራል። ምክሩ ጽኑ ነው፤ ነገር ግን ዓይኑ የፈዘዘ ጕልበቱም የደከመ ሽማግሌ ያለ ወኪል አይሆንለትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መካከለኛውን መንገድ ያሳያል፤ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፥ ለስጦታና የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያሻል፤ ወኪሉ ሒሳብ ያቀርባል፥ ወካዩም በፈቀደ ጊዜ ይሽረዋል። ሊር ያጣው ይህን ነው፤ ሲሰጥ መሻሪያ አላስቀረም።

ናሁም ቴት በ1681 የድርሰቱን ፍጻሜ ለውጦ ሊርን ወደ ዙፋኑ መለሰው፤ የእንግሊዝ ተመልካችም ከመቶ ዓመት በላይ በዚህ ተጽናና። ይህ የርኅራኄ ሥራ ነው፤ የእውነት ግን አይደለም። ንብረት በፍርድ ቢመለስ፥ የአባት እምነት አብሮ አይመለስምና የሼክስፒር መራራ ፍጻሜ ይበልጣል።

በቴአትሩ ውስጥ ገና በጊዜው የተናገረ ኬንት ነበረ፤ ለዚህም ተሰደደ። የንስሐ አባት ወይም የአገር ሽማግሌ ለውክልና ምስክር ሆኖ በተጠራ ጊዜ የኬንት ስፍራ የእርሱ ነው፤ እንዲሸጥ፥ እንዲለውጥ የሚለውን ቃል ሁሉ ሽማግሌው በጆሮው ሳይሰማ ፊርማ አይቀድም።