ግጥም የሌለው ዘፈን፦ ሙላቱ አስታጥቄን ለምን «ክላሲካል» አልነው?

ደብረ ብርሃን ካፌ ውስጥ ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ከተከፈተ ስሙ አንድ ነው፦ «ክላሲካል»። ማሲንቆ ሆነ፣ ሳክስፎን ሆነ፣ የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ሆነ ለውጥ የለውም። ግጥም ከሌለው ክላሲካል ነው፤ ክላሲካል ደግሞ የወሬ ማጀቢያ ነው። የሚገርመው ሙላቱ ላይ ሲደርስ ስያሜው ግማሽ እውነት አለው።

በ1943 ጅማ ተወለደ (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ ውሰዱልኝ)። ወደ ዌልስ የተላከው ኢንጂነሪንግ እንዲማር ነበር። ኢንጂነሪንግ የጨረስን ልጆች እዚህ ጋ ፈገግ እንላለን፤ ቤተሰብ «ኢንጂነር» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እናውቃለና። እሱ ግን መንገዱን ቀይሮ ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባ፣ ከዚያ ቦስተን ወደሚገኘው በርክሊ ተሻገረ።

በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ «አፍሮ ላቲን ሶል» የሚሉ ሁለት አልበሞች አወጣ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አይዙኝም። «አይፈራም ጋሜ»ን ያህል ፉከራ፣ እኛ ሰፈር ሰርግ ላይ ደም የሚያሞቀውን፣ በስፓኒሽ አዘፍኖታል። ሐሳቡ ደፋር ነው፤ ግን የላቲኑ ምት ቤቱን ሞልቶት የእኛ ዜማ እንግዳ ሆኖ ደጃፍ ላይ ቆሟል።

ችግሩ ቀላል አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ናቸው። በርክሊ የሚያስተምረው ሃርመኒ ደግሞ አሥራ ሁለቱንም ድምፅ ይፈልጋል። አንቺ ሆዬ ሥር ያልታሰበበት ኮርድ ብታስገባ ዜማው አይበላሽም፣ የከፋ ነገር ነው የሚሆነው፦ ሌላ አገር ይሆናል። ኮድ ለሚጽፍ ሰው ስሜቱ አዲስ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ይሠራል፣ ኤረር የለውም፣ ግን የታዘዘውን አይደለም የሚሠራው።

በ1972 «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ላይ መልሱን አገኘው። መልሱ ደግሞ መቀነስ ነው። ባሱ አንዲት ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፣ ኮርዶቹ ብዙ አይንቀሳቀሱም፣ ቅኝቱ መተንፈሻ ያገኛል። «ኩሉን ማን ኳለሽ»ን ስሙት። ይህን የሰርግ ዘፈን የማያውቅ ሐበሻ ስለሌለ መሣሪያው ዜማውን ሲይዘው ግጥሙን የሚያመጣው አድማጩ ራሱ ነው፤ አፍህ ሳታስበው ይንቀሳቀሳል። «ክላሲካል» ለሚለው ስንፍናችን ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። «ደወል» እና «መስከረም ሲጠባ»ም እዚያው አልበም ላይ አሉ፤ እነሱን በርዕሳቸው ብቻ ግማሹን ትሰማቸዋለህ።

ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ መድረኩ የጥላሁን ገሠሠ፣ የማህሙድ አህመድ ነበር። ዓይን ሁሉ ማይኩ ላይ ነው። ሙላቱ ከቫይብራፎኑ ጀርባ፣ አንድም ቃል ሳይዘፍን፣ የባንድ ፊት ልሁን ሲል ከኮርዱ ጥያቄ የባሰ ድፍረት ይመስለኛል። ቅኔ የለመደ ጆሮ «ወርቁስ የታለ?» ማለቱ አይቀርም።

ፈረንጅ ይህ ጥያቄ የለበትም። በ1998 «ኢትዮፒክስ» ቁጥር 4 ወጣ፣ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው ፊልም ሙዚቃውን ዓለም ላይ በተነው፣ በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ «የግሌ ትዝታ»ን ቆርጠው ራፕ አደረጉበት። ብዙዎቻችን የሰማነው ከዚህ በኋላ ነው፣ ከውጭ ዞሮ ሲመጣ። ይህ ሊያኮራን ነው ሊያሳፍረን የሚገባው? እኔን ያናድደኛል።

ዝናው ግን ዋጋ አስከፍሎታል ባይ ነኝ። ከ2005 ወዲህ የሠራቸው አልበሞች ንጹህ ናቸው፣ አንዳንዴም ከመጠን በላይ ንጹህ፤ የ1972ቱ ቡድን ውስጥ ያለው መንገዳገድ፣ ያ «ይወድቅ ይሆን?» የሚያሰኘው ነገር የለም። በ2025 ባወጣው «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» የድሮ ሥራዎቹን ክራርና ማሲንቆ ጨምሮ መልሶ ተጫውቷቸዋል። ማሲንቆው ሲገባ ቫይብራፎኑ ትንሽ ወደ ኋላ ይላል። ማሲንቆ ደግሞ ያለ አዝማሪ እንኳ የሚናገር ነው የሚመስለው፤ ካፌ ውስጥ ቢከፈት ወሬ የሚያስቆመው ይሄኛው ሳይሆን አይቀርም።