ቤት የመታ ሁሉ እውነት ነው?

ባለፈው የግጥም ምሽታችን ከተነበቡት መካከል ሁለቱን እናንሳ። አንደኛው ቤቱ እየመታ እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሌላው ስለ እንጨት ተሸካሚ ሴት ነበር፤ ስንኙ ይጎረብጣል፤ ግማሾቻችን ወሬ ጀመርን። ስንወጣ «የመጀመሪያው ጥልቅ ነው፤ ያኛው ግን ምኑም አይያዝ» ተባባልን። በማግስቱ ሁለቱንም በወረቀት ስናያቸው አፈርን። ያጨበጨብንለት ግጥም ምን እንዳለ ሊነግረን የቻለ ከመካከላችን ጠፋ።

ታዲያ ምን አታለለን? አእምሮ ሳይደክም የተቀበለውን ይወዳል፤ መውደድ ብቻ አይደለም፣ «እውነት ነው» ብሎም ይፈርድለታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ማቲው ማክግሎንና ጄሲካ ቶፊግባክሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ብዙ ያልተለመዱ የእንግሊዝኛ አባባሎችን ለአንባቢዎች አቀረቡ፤ አንዱን ቤት እንደመታ፣ ሌላውን ትርጉሙ ሳይለወጥ ቤቱን አፍርሰው። ቤት የመታው የበለጠ ትክክል መሰላቸው። ውበቱን ከሐሳቡ ለይታችሁ ፍረዱ ሲባሉ ግን ልዩነቱ ቀነሰ።

የኛስ? «ዝም አይነቅዝም» ሲባል ራሳችንን እንነቀንቃለን። «ዝም ያለ ሰው አይጎዳም» ብንል ግን «ኧረ ማን አለ?» የሚል ይነሳል። «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ሲባልም ያው ራሳችንን እንነቀንቃለን! ሁለቱም ለምላስ ይጥማሉ፤ ሁለቱም በሁሉም ቦታ እውነት ሊሆኑ ግን አይችሉም።

ለጎርባጣ ግጥም ሁሉ ጥብቅና መቆማችን አይደለም። መጎርበጥ ብቻውን ጥልቀት አይሆንም። «ደጋግመን ስናነበው ወደድነው» ማለትም አይበቃም፤ ሮበርት ዛየንስ እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳሳየው፣ ትርጉም የሌለው ቃል እንኳ በተደጋገመ ቁጥር ለሰው ደስ እያለው ይሄዳል።

እኛ የምንለው፦ ከማጨብጨባችን በፊት ግጥሙን በስድ ንባብ ለራሳችን እንንገረው፤ ከዚያ ቅርጹ ለይዘቱ ምን እንደሠራለት እንጠይቅ። የመጀመሪያው ግጥም ቤቱ ሲፈርስ ባዶ ሜዳ ሆነ። በሁለተኛው ውስጥ ግን ከእንጦጦ ሸክሟን ይዛ የምትወርድ ሴት አለች፤ ስንኙም የሚደናቀፈው እሷ በምትደናቀፍበት ቦታ ነው። እኛ ጉድለት ያልነው የሴትዮዋን እርምጃ ነበር።

ደራሲዋ ከዚያ ምሽት ወዲህ ለመጽሔታችን ግጥም አልሰጠችም። ይቅርታ ጠይቀናታል። በሚቀጥለው ምሽት ግጥሙ እንደገና ይነበባል፤ ያን ጊዜ ወሬያችንን ለበኋላ እናቆየው።