የሃድ ቤት እና የእቁብ ደብተር

ፈቃዷን ገና ያወጣች ወጣት የቤት ሽያጭ ኤጀንት ዋሽንግተን ስቴት፣ ሬድመንድ ወዳለው ቢሮዬ መጥታ፣ «ጋሼ፣ የሃድ ቤቶችን ዝርዝር ከማን ነው የሚያገኙት?» አለችኝ። በየወሩ እየከፈሉ ዝርዝር የሚገዙ ሰዎች እንዳሉ ሰምታለች። ዝርዝሩ የማንም ምስጢር አይደለም። የአሜሪካ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት፣ ሃድ የምንለው፣ በፌዴራል የቤቶች አስተዳደር (ኤፍ ኤች ኤ) ዋስትና የተሰጠ ብድር ሳይከፈል ቀርቶ እጁ የገባውን ቤት በራሱ ድረ ገጽ በነጻ ያወጣል። ዋጋ የሚያስገባው በሃድ የተመዘገበ ብሮከር ብቻ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም የሚያወዳድረው ኮሚሽንና ወጪ ተቀንሶ እጁ የሚገባውን ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት መማር ይቻላል።

ሬድመንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ብርቅ ነው። ማይክሮሶፍት በ1986 እዚህ ከሰፈረ ወዲህ የቤት ዋጋ ሽቅብ ስለወጣ፣ የተቸገረ ባለቤት ባንኩ ሳይቀድመው ሸጦ ትርፉን ይዞ ይወጣል። በ2025 ሬድመንድ ባለበት በኪንግ ካውንቲ ኤፍ ኤች ኤ ለአንድ ቤተሰብ ቤት ዋስ የሚሆንበት የብድር ጣሪያ 1,037,300 ዶላር ነበር፤ እዚህ ግቢ ያለው ቤት ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ ደንበኞቼን ይዤ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኬንትና ኦበርን፣ አልፎም ወደ ፒርስ ካውንቲ እወርዳለሁ። ቤቱ ውሃው ተዘግቶ፣ የሽንት ቤቱ ክዳን በቴፕ ታሽጎ ይጠብቀናል። ሽያጩ ባለበት ሁኔታ ነው፤ ሃድ አንድ ቧንቧ እንኳ አይጠግንም። ለጥገናው 203 ኬ የሚባል ብድር አለ፤ አነስተኛው ዓይነት ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ እስከ 75,000 ዶላር ጥገና ይሸፍናል።

የአርብ ሐራጅ ይሻላል የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። በዋሽንግተን ሕግ የባንክ ሐራጅ የሚውለው አርብ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ቀርቦ፣ ውስጡን ሳያዩ መግዛት ነው። ለባለሀብት ይሆን ይሆናል። ኤርፖርት በፈረቃ ለምትሠራ፣ ሦስት ልጆች ለምታሳድግ እናት አልመክርም።

እኔ የማልለቀው ነገር ሌላ ነው፤ የዳውን ፔይመንቱ (የቅድመ ክፍያው) ምንጭ። በኤፍ ኤች ኤ የክሬዲት ነጥቡ 580 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው 3.5 በመቶ ይበቃዋል፤ ለ450,000 ዶላር ቤት 15,750 ዶላር ማለት ነው። የእኛ ሰው ይህን ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከእቁብ ነው የሚያገኘው። አበዳሪው የባንክ ወረቀቱን ሲያይ ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ያገኝና «ከየት መጣ?» ይላል። እዚህ ላይ የተከበሩ የሙያ ባልደረቦቼ ሳይቀሩ፣ «እቁብ ብለህ አታድክማቸው፣ አይገባቸውም። ከወንድሙ የተሰጠ ስጦታ ነው የሚል ደብዳቤ አጽፈህ ጨርስ» ይሉኛል። አልቀበልም። የፌዴራል መንግሥት ዋስ ለሚሆንበት ብድር የሐሰት ደብዳቤ ማቅረብ ወንጀል ነው፤ ጣጣውም የሚተርፈው ለፈረመው ወንድም ጭምር ነው።

ደግሞም ውሸቱ አያስፈልግም። የኤፍ ኤች ኤ መመሪያ፣ ቁጥሩ 4000.1፣ አባላት ራሳቸው የሚያስተዳድሩትን የግል የቁጠባ ማኅበር የገንዘብ ምንጭ አድርጎ ይቀበላል። እቁብ ማለት ይኸው ነው። የሚጠይቀው የማኅበሩን መዝገብና ደረሰኝ፣ ማኅበሩ ዛሬም እየሠራ መሆኑን የሚያረጋግጥ የገንዘብ ያዡን ቃል፣ ገንዘቡም በአግባቡ የተጠራቀመ እንጂ የተበደሩት አለመሆኑን ነው።

ሰው ልብ የማይለው ይህን የመጨረሻውን ነው። ሃያ ሰው በወር አንድ አንድ ሺህ ዶላር ይጥላል እንበል። እጣው በሁለተኛው ወር የወጣለት ሰው 20,000 ይዞ ይሄዳል፤ የራሱ ግን 2,000 ብቻ ነው፣ 18,000ው የሌሎች ነው። በእኔ እምነት ይህ ብድር ነው፤ አበዳሪውም እንደዚያ ቢለው አልከራከረውም። በአሥራ ስምንተኛው ወር የደረሰው ግን 18,000ው የራሱ ላብ ነው። የመጨረሻውን መጠበቅም አያዋጣም፤ ዙሩ ካለቀና እቁቡ ከተበተነ «እየሠራ ነው» የሚል ሰው አይገኝም። ስለዚህ ቤት ለመግዛት ያሰበ ከመጨረሻው ሁለት ሦስት እጣ ቀደም ያለውን ይያዝ እላለሁ። ቀድሞ ከወጣለት ለቸገረው ይልቀቅና ተራ ይለዋወጥ፤ እንዲህ ያለው መተሳሰብ በእቁብ ዱሮም ያለ ነው።

ከዚያ ደብተሩ አለ። አንዲት ደንበኛዬ ያመጣችው ሰማያዊ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር ነበር። በግራ በኩል ስሞቹ፦ «የሜሮን እናት»፣ «ሹፌሩ»፣ «አበበ ትልቁ»፣ «አበበ ትንሹ»። በቀኝ የራይት ምልክት፣ ከላይ ቀኑ፦ «ጥቅምት 5/2011»። አበዳሪው ዘንድ ፋይሉን የሚመረምረው ሰው 2011ን አይቶ ከብዙ ዓመት በፊት ያለቀ እቁብ መሰለው። በእኛ 2011 ጥቅምት በእነሱ ኦክቶበር 2018 መሆኑን፣ «የሜሮን እናት» ማለትም መታወቂያዋ ላይ ያለችው ሴት መሆኗን በትርጉም፣ በደብዳቤና በስልክ እስክናስረዳ ሽያጩ ሊያመልጠን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ስም፣ ሁለቱም የቀን አቆጣጠር፣ ለየክፍያው ደረሰኝ፣ እጣውም በቼክ እንዲሆን ሳልታክት እወተውታለሁ። አንድ የእቁብ ዳኛ፣ «እቁብ በእምነት እንጂ በወረቀት አይቆምም» ብለው ተቆጥተውኛል። እምነቱን ማን ነካው አባቴ? ወረቀቱ እምነቱን ለማያውቅ ሰው ነው።

ወረቀት የማይፈታው ነገርም አለ። ከሜይ 25 ቀን 2025 ጀምሮ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ስደተኛ ኤፍ ኤች ኤ አያገኝም። በሥራ ቪዛ ሬድመንድ ለመጡት ልጆች ይህን መንገር ከባድ ሆኖብኛል፤ ገቢያቸው ከብዙ ደንበኞቼ ይበልጣል።

እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ፣ በቀበሌ ቤት ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ቤቶች አንዱ ነበር። ጣሪያው ሲያፈስ እናቴ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ መልስ ትጠብቃለች፣ ባልዲ ታስቀምጣለች። የሰፈሩ እቁብ ጸሐፊም እሷ ነበረች። በእቁብ ቁምሳጥን ገዝታለች፣ እህቴን ድራለች፤ የምንኖርበትን ቤት ግን በእቁብ መግዛት የሚባል ነገር አልነበረም። እዚህ መንግሥት ቤቱን ከእጁ ለማውጣት ይቸኩላል፤ መጀመሪያም ቢያንስ 12 ወር እኖርበታለሁ ብሎ ለሚፈርም ሰው ነው የሚያቀርበው። በእንዲህ ያለው በር ላይ የእናቴን ዓይነት ገንዘብ «ስጦታ» አስብሎ ማስገባት አንጀቴ አይችልም።

አሁን ታክዊላና ኬንት ውስጥ እቁብ ሲጀመር ይጠሩኛል። እሁድ ከሰዓት ከጸሐፊዎቹ ጋር ቁጭ ብለን ዓምዶቹን እናሰምራለን። ከሥራዬ ሁሉ ኮሚሽን የሌለው ይህ ነው፤ ለሌላ ሰው መስጠትም አልፈልግም።