ግራሩ ነው ወይስ ውሻው?

ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። ድሮ የመተማና የሁመራ ቆላ በሽታ ነው ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ግን በደቡብ ጎንደር፣ በደጋማው ሊቦ ከምከም ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት 171 ሕመምተኞችን ካልታመሙ ሰዎች ጋር ጥንድ ጥንድ አድርጎ አነጻጸረ። ውሻ ያላቸው፣ ቀን ግራር ሥር የሚተኙና ማታ ደጅ የማደር ልማድ ያላቸው ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ! አብሮ መታየት ሌላ፣ ማሳመም ሌላ። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ እንጂ ግራር አይደለም። በ5 ውሾች መቅኔ ውስጥ የተውሳኩ ዘረመል መገኘቱም በሽታው ከውሻ ወደ ሰው ይተላለፋል ማለት አይደለም፤ ውሻውም እንደ ጌታው ተነክሶ ይሆናላ! አጥኚዎቹ ራሳቸው የውሻው ነገር ገና ይጠና ብለዋል። ስለዚህ «ውሻውን ግደሉ፣ ግራሩን ቁረጡ» ለማለት ይህ ጥናት አይበቃም።

የጥናቱ ጥንካሬ «የት ትተኛላችሁ?» ብሎ መጠየቁ ነው። ቤት ውስጥ የተሰቀለ አጎበር ግራር ሥር ለሚያሸልበው አይደርስለትም፤ ጥናቱም አጎበር የሚጠብቀው ከፊሉን ሰው ብቻ ሊሆን እንደሚችል ሳይሸፋፍን ተናግሯል። የጎደለውስ? እረኛው ከዚያ ጥላ ተነሥቶ የት ይረፍ? ለዚህ መልስ የለውም። ቀጣዩ ጥናት ከዚህ ጥያቄ ቢጀምር አይሻልም ትላላችሁ?